ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ፦ የፔጋኖች የጸደይ በዓል ከየት መጣ?

ቢድ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ725 ስለ ዘመን ቆጠራ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወርና ቀን ግን የእነሱን የወር ስም ካልጠራሁ በስተቀር በእኛው ነው።) የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ የፋሲካን ቀን ማውጣት ነበር፤ የእኛ ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብ የሚሉት ዓይነት ሥራ። መሀል ላይ ግን ሕዝቡ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ወራቱን ምን ብሎ ይጠራቸው እንደነበር ዘረዘረ። ኤፕሪል ላይ የሚውለው ወር ኤዎስትሬ በምትባል እንስት አምላክ ስም ይጠራ እንደነበር፣ በዚያም ወር ለእሷ ድግስ ይደረግ እንደነበር ገልጾ አለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። መልኳ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሠዋላት፣ በዓሏ በስንተኛው ቀን እንደሚውል አልጻፈም። ከእሱ ሌላ ስሟን ያነሳ የዘመኑ ጸሐፊም የለም።

ዛሬ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ብዙ ሰዎች በዚህች አምላክ ስም የተሰየመ በዓል ያከብራሉ። ስሙ ኦስታራ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል የሚውለው መጋቢት 11 ወይም 12 ገደማ፣ ፀሐይ ከምድር ወገብ ትይዩ ስትደርስና ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ ነው። ይህን መተካከል ከግእዙ ወስጄ ዕሪና እለዋለሁ። በቢድ ጥቂት መስመሮችና በዛሬው በዓል መካከል 1300 ዓመት አለ። በዚህ መሀል ምን እንደተከናወነ ማወቅ ለአማርኛ አንባቢም የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፋሲካ በቀረበ ቁጥር በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚናፈሰው ‹በዓሉ የጣዖት ነው› የሚለው ወሬ መነሻው እዚሁ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በላቲን ፓጋኑስ መጀመሪያ የገጠር ሰው ማለት ነበር፤ በኋላ ክርስቲያኖች ወደ እምነታቸው ላልገባ ሁሉ ሰጡት። በአማርኛ አረማዊ እንዳንላቸው ቃሉ ከአራማውያን ስም ተነሥቶ እስከ አረመኔ ድረስ የወረደ ነው፤ ስድብ ይሆናል። እነሱ ፔጋን የሚለውን ስም ወደው ይዘውታልና እኔም በዚያው እጠራቸዋለሁ።

ከቢድ በኋላ የመጣው ትልቁ ስም ያኮብ ግሪም ነው፤ ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ። ግሪም በ1835 ስለ ጀርመኖች አፈ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ እንግሊዞች ፋሲካን ኢስተር ካሉትና ስሙ ከኤዎስትሬ ከመጣ፣ ኦስተርን የሚሉት ጀርመኖችም ይህችኑ አምላክ ያውቋት ነበር ማለት ነው፤ በእነሱ አጠራርም ኦስታራ መባል ነበረባት። ልብ በሉ፣ ኦስታራ የሚለውን ስም ግሪም በየትኛውም ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ የአምላክ ስም ሆኖ አላገኘውም። በቋንቋ ሕግ አስልቶ ያወጣው ነው። ስሌቱ ብልህ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ስሌት መሆኑን ረሱት።

ጥንቸሏም የገባችው በዚሁ መንገድ ነው። የፋሲካ ጥንቸል እንቁላል ታመጣለች የሚለውን የጀርመን ልማድ የምናገኘው ፍራንኬናው የተባለ ሐኪም በ1682 በጻፈው ጽሑፍ ነው። አዶልፍ ሆልትስማን በ1874 የጥንቸሏ ነገር እንደማይገባው ተናግሮ፣ ምናልባት የኦስታራ እንስሳ ሳትሆን አትቀርም ሲል ገመተ። የእሱ ‹ምናልባት› በሌሎች እጅ እርግጠኛ ወሬ ሆነ። ከዚያም አምላኳ አንዲትን ወፍ ወደ ጥንቸልነት ለውጣ፣ ጥንቸሏም የወፍ ልማዷን ባለመተው እንቁላል ትጥል ጀመር የሚል ተረት ተጨመረ። ዛሬ ይህ ተረት በልጆች መጻሕፍት ላይ እንደ ጥንታዊ አፈ ታሪክ ይነበባል።

እንቁላሉን ለመረዳት ግን አፈ ታሪክ አያስፈልግም። ሁዳዴን ጾሞ የሚያውቅ ቤት ሁሉ ያውቀዋል፦ ሰው ይጾማል፣ ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ትጥላለች፣ የሚበላላት የለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በጾሙ ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልም ክልክል ነበር። ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ ጓዳው በእንቁላል ይሞላል፤ ይቀቀላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ለጎረቤት ይሰጣል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1290 ለፋሲካ 450 እንቁላሎች በ18 ፔኒ እንደተገዙለት የቤተ መንግሥቱ የወጪ መዝገብ ይናገራል፤ ተጊጠው ለቤተሰቡና ለባለሟሎቹ የሚታደሉ ነበሩ። በእኛ ዶሮ ወጥ ላይ የተቀቀለው እንቁላል የትኛዋንም አምላክ እንደማይወክል ሁሉ፣ የኤድዋርድ እንቁላልም የሚያወራው ስለ ጾም ፍቺ ነው።

እዚህ ላይ ኢስተር የተባለው የባቢሎኗ እንስት አምላክ ኢሽታር ናት የሚለውን ወሬ ማንሳት አለብኝ። ወሬውን በሰፊው ያሰራጨው አሌክሳንደር ሂስሎፕ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ ነው፤ በ1850ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ የሮማ ካቶሊክን ሥርዓት ሁሉ ከባቢሎን ሊያመጣ ሞከረ። ማስረጃው የድምፅ መመሳሰል ነው። ሁለቱ ስሞች ግን ዘመድ አይደሉም፤ የእንግሊዝኛው ከምሥራቅና ከንጋት ጋር የሚዛመድ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል ነው። ከዚያም በላይ በዓሉን በዚህ ስም የሚጠሩት እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ጥቂት የቅርብ ዘመዶቻቸው ብቻ ናቸው። ግሪኮች፣ ጣልያኖች፣ ሩሲያውያን፣ እኛም ፋሲካ ስንል ከዕብራውያኑ ፔሳሕ የወጣውን ስም ነው የምንጠራው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራን ክስ ተርጉሞ ‹ፋሲካ› ከሚለው ቃል ላይ መለጠፍ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ቢድ አምላኳን ፈጥሯት ይሆን? እንዲህ የሚሉ ምሁራን አሉ። እኔ ቢድን አምነዋለሁ። አንድ መነኩሴ የሕዝቡን የቀድሞ ጣዖት ቁጥር ከሜዳ ተነሥቶ የሚያበዛበት ምክንያት አይታየኝም። በ1958 ደግሞ በጀርመን ሞርከን ሃርፍ በተባለ ቦታ በሮማውያን ዘመን የተቀረጹ ከ150 በላይ የስለት ድንጋዮች ተገኙ፤ የተሰጡትም ማትሮናይ አውስትሪያሄናይ ለሚባሉ እናት አማልክት ነው። ስማቸው ከዚያው ከምሥራቅና ከንጋት ሥር የወጣ ነው። ቢድን ባያረጋግጠውም ከውሸታምነት ይታደገዋል። ኤዎስትሬ ነበረች ብንል እንኳ ግን በዓሏ በዕሪና ቀን ይውል እንደነበር የሚነግረን አንድም ቃል የለም።

ዋናው ጥያቄ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም እሱ ነው። የጥንት ገበሬ ዕሪናን እንዴት ያውቃል?

ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ በየማለዳው ከአንድ ኮረብታ ወይም ከአንድ ዛፍ ጋር እያስተያየ የሚያይ ሰው በዓመት ሁለት የማይስቱ ምልክቶች አሉት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ ጥግ ትይዛለች፣ ለጥቂት ቀናት የቆመች ትመስልና ትመለሳለች። በሰኔ በሰሜን በኩል እንዲሁ ታደርጋለች። ይህን ለማየት መማር አያስፈልግም፤ መታገሥ ይበቃል። በመጋቢት ግን ከዓመቱ ሁሉ በፈጠነ እርምጃ ነው የምትጓዘው፤ በሰሜን አውሮፓ ዛሬ በወጣችበትና ነገ በምትወጣበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ከራሷ ክብ ስፋት ይበልጣል። ‹እኩሌታው ይሄ ነው› የሚል ምልክት አድማሱ ላይ የለም። መቁጠር ግድ ይላል። ቆጠራውም ያሳስታል፦ ከታኅሣሡ መመለሻ እስከ ዕሪና 89 ቀን፣ ከዕሪና እስከ ሰኔው መመለሻ 93 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ መሀሉን በቀን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ሁለት ቀን ያህል ይዘገያል። ቀኑና ሌሊቱስ ቢለኩ? አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጠው በዕሪና ዕለት ቀኑ ከሌሊቱ በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል፤ እውነተኛው መተካከል የሚሆነው ቀደም ባሉት ቀናት ነው።

ስለዚህ ዕሪና በመጀመሪያ የቤተ መቅደስና የጸሐፍት ነገር ነው፤ ሰሌዳ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው። ይህን ስሌት ካቆዩልን ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ እስከ ዛሬ በሙሉነቱ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች ይቆጥራል። ዕለቱን ለአሥራ ስምንት ክፍል ይከፍልና በዕሪና ዘጠኙን ለቀን ዘጠኙን ለሌሊት ይሰጣል። በረጅሙ ዕለት ቀኑ አሥራ ሁለት ሌሊቱ ስድስት ክፍል ይሆናል። ሁለት ለአንድ የሆነው ይህ ልክ በባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች ሰሌዳ ላይ የምናገኘው ነው እንጂ ለኢየሩሳሌምም ለአክሱምም አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ የከረመ ኢትዮጵያዊ ይህን በገላው ያውቀዋል፦ በታኅሣሥ ከሥራ ሲወጣ ጨለማ፣ ሲገባም ጨለማ ነው፤ በመጋቢት ግን ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከፊቱ ላይ ፀሐይ ታርፋለች። የብርሃን መመለስ በዚያ አገር ለምን ድግስ እንደሚያስደግስ የሚገባው ለእሱ ነው።

ጥንታዊ ማስረጃ ወዳለበት እንሂድ። በባቢሎን የኒሳን ወር ሲገባ አኪቱ የሚባል የአዲስ ዓመት በዓል ለአሥራ አንድ ወይም ለአሥራ ሁለት ቀን ይከበር ነበር። ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር በዓሉ ዕሪና አካባቢ ይውላል እንጂ ዕለቱን አይጠብቅም። በአራተኛው ቀን ማታ የፍጥረት ታሪክ ለከተማዋ አምላክ ለማርዱክ ይነበባል። በአምስተኛው ቀን ንጉሡ ወደ ቤተ መቅደሱ ይገባል፤ ሊቀ ካህናቱ በትሩንና ዘውዱን ይቀበለዋል፣ ጉንጩን በጥፊ ይመታዋል፣ ጆሮውን ጎትቶ ያንበረክከዋል። ንጉሡ ተንበርክኮ ከተማይቱን እንዳልበደለ፣ ሕዝቧን እንዳላዋረደ ይናገራል። የማዕረግ ዕቃው ከተመለሰለት በኋላ እንደገና በጥፊ ይመታል፤ እንባው ከፈሰሰ ማርዱክ ተደስቷል፣ ካልፈሰሰ ተቆጥቷል ማለት ነው። ስለ ጸደይ በዓላት ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ይህ ነው። ዓመቱ ከመታደሱ በፊት በአገሩ ትልቁ ሰው በአምላኩ ፊት ማልቀስ ነበረበት።

በሮም ደግሞ ለእናት አምላክዋ ለኪቤሌና ለወጣቱ አቲስ የሚደረግ ሥርዓት ነበር። በ354 የተዘጋጀ ሰሌዳ በተራ ያስቀምጠዋል፦ ማርች 22 የጥድ ዛፍ ተቆርጦ ይገባል፣ 24 የደም ቀን ነው፣ 25 ሂላሪያ፣ የደስታ ቀን። ዩልዮስ ቄሣር ሰሌዳውን ሲያወጣ ዕሪናን ያስቀመጠው በዚሁ በማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ ይህ በዓል ዕሪናን በዕለቱ የያዘ ነው። ቀኑ በእኛ ሰሌዳ መጋቢት 29 ይሆናል፤ በዓለ ትስብእትና ጥንተ ትንሣኤ የሚውሉበት። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ‹ከአቲስ የተወረሰ ነው› ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው ተርቱልያኖስ ግን በ200 ገደማ ማርች 25ን የስቅለት ቀን አድርጎ ጽፏል፤ የሂላሪያ ቀን በሰሌዳ ተጽፎ የምናየው ከዚያ አንድ ተኩል ምዕት ዓመት ቆይቶ ነው። ማን ከማን እንደወሰደ በዚህ ማስረጃ አይፈረድም።

የሰሌዳው ታሪክ ሌላም ነገር ይነግረናል። የቄሣር ዓመት ከፀሐይ ዓመት በጥቂት ስለሚረዝም፣ የኒቅያ ጉባኤ በ325 ሲሰበሰብ ዕሪና ወደ ማርች 21 ወርዶ ነበር፤ የእስክንድርያ ሊቃውንት የፋሲካ ስሌታቸውን የመሠረቱትም በዚህ ቀን ላይ ነው። በእኛ ሰሌዳ መጋቢት 25 ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በጋን መጋቢት 25 ጨርሳ ጸደይን መጋቢት 26 የምትጀምረው ከዚህ ስሌት ጋር አንድ ቀን ሳይዛነፍ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ዕሪና ዛሬ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያልፋል፤ መጽሐፋችን ግን የአራተኛውን ምዕት ዓመት ዕሪና እንደጠበቀ አለ።

በሰሜን አውሮፓ ማስረጃው ይሳሳል። ስኖሪ የተባለው የአይስላንድ ጸሐፊ የጥንት ኖርዲኮች ሦስት ታላላቅ መሥዋዕት እንደነበሯቸው ጽፏል፦ ክረምታቸው ሲገባ፣ ክረምቱ ሲጋመስና በጋው ሲቃረብ። ዕሪና ከመካከላቸው የለም። በተቃራኒው የብሬመኑ አዳም በ1070ዎቹ ስለ ኡፕሳላ ቤተ መቅደስ ሲጽፍ በየዘጠኝ ዓመቱ የመሥዋዕት በዓል እንደነበር ይናገራል፤ ከገጹ ጠርዝ ላይ የታከለች ማስታወሻ ደግሞ በዓሉ ዘጠኝ ቀን እንደሚፈጅና በጸደይ ዕሪና አካባቢ እንደሚውል ትጠቁማለች። አዳም ቦታውን በዓይኑ አላየውም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ቢሆንም የዛሬ ፔጋኖች ጥንታዊ የኖርዲክ ምስክር ሲፈልጉ ከዚህች የጠርዝ ማስታወሻ የተሻለ አያገኙም። ሰውም ጭምር የታረደበት በዓል ስለሆነ ብዙዎቹ ባይጠሩት አይገርመኝም።

ከጽሑፍ በፊት የተተከሉት ድንጋዮችስ? በእንግሊዝ ያለውን ስቶንሄንጅን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ የተተከለው ፀሐይ በምትመለስባቸው በሰኔና በታኅሣሥ ንጋትና ምሽት አቅጣጫ እንጂ በዕሪና አይደለም። ዛሬ በዕሪና ማለዳ ሰው ተሰብስቦ መግባቱ የኛ ዘመን ልማድ ነው። በሜክሲኮ ቺቼን ኢትዛ ፒራሚድ ላይ የሚታየው እንደ እባብ የሚወርድ ጥላ በዕሪና ዙሪያ ለሳምንታት ስለሚታይ አንዱን ዕለት አይለይም። አየርላንድ ውስጥ ሎክሩ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር ግን ያስቆመኛል። ሚዝ በተባለው አውራጃ፣ ስሙ የአሮጊቲቱ ተራራ ማለት በሆነ ኮረብታ ላይ፣ ከ5000 ዓመት በፊት የተካበ ነው። በዕሪና ሰሞን ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ በጠባቧ መተላለፊያ ገብቶ ከኋለኛው ድንጋይ ላይ በግራ በኩል ከላይ ያርፋል። አራት ማዕዘን የብርሃን ሰሌዳ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ ሰሌዳው ቀስ እያለ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይወርዳል፣ በድንጋዩ ላይ በተቀረጹት ጨረር ባላቸው ክቦች ላይ አንድ በአንድ ያልፋል። ማርቲን ብሬናን የተባለ ሰው በ1980 ነው ይህን አስተውሎ ያሳወቀው። ብርሃኑ ከዕሪና በፊትና በኋላ ባሉ ቀናትም ይገባል፤ ግንበኞቹንም ጠይቀን አናውቅም። እንዲያም ሆኖ ክቦቹ የተቀረጹት ብርሃኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ መሆኑን አይቶ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብደኛል።

የገበሬው በዓል ግን ዕለት አይቆጥርም። ፖላንዶች ማርዛና የምትባል የጭድ አሻንጉሊት ሠርተው፣ አሮጌ ልብስ አልብሰው፣ አቃጥለው ወንዝ ይጥሏታል፤ ክረምቱን መቅበራቸው ነው። በ1420 የፖዝናን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይህን ልማድ ከልክሏል፤ ሲከለከል ነው መኖሩን በእርግጠኝነት የምናውቀው። ጥንት የሚደረገው በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ነበር፤ ዛሬ ተማሪዎች በማርች 21 ያደርጉታል። ዕሪና ላይ የመጣው ዘግይቶ ነው ማለት ነው። የላትቪያ ሰዎች ሊየልዲየናስ በሚሉት በዓል ፀሐይ ሳትወጣ በወራጅ ውኃ ይታጠባሉ፣ በትልቅ ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ፤ በበጋ ትንኝ እንዳይነክስ ነው ይባላል። ኖውሩዝ ደግሞ ለብቻው ዳሰሳ የሚሻ ነው፦ ኢራናውያንና ጎረቤቶቻቸው ዕሪናን በሰከንድ ቆጥረው አዲስ ዓመት የሚያስገቡበት፣ ሥሩ ዞሮአስትራዊ የሆነ፣ ዛሬ በአብዛኛው ሙስሊሞች የሚያከብሩት። በዓለም ትልቁ የዕሪና በዓል እሱ ሆኖ ሳለ ፔጋን ሊባል አለመቻሉ ቃሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

የዛሬው ኦስታራ የተሰፋው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ቁራጭ ነው። በእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ሲሻር ጄራልድ ጋርድነር ዊካ የተባለውን እምነት በይፋ አወጣ። ወዳጁ ሮስ ኒኮልስ የድሩይዶች፣ ማለትም የጥንት ኬልቶችን ካህናት ፈለግ እንከተላለን የሚሉ ሰዎች፣ መሪ ነበር። በአየርላንድ የመካከለኛ ዘመን መጻሕፍት የተመሰከሩትን አራት ወቅታዊ በዓላት ከፀሐይ አራት ነጥቦች ጋር አዋሕደው ስምንት በዓላት ያሉት የዓመት መንኮራኩር ሠሩ፤ የጋርድነር ማኅበር ስምንቱን በእኩል ማዕረግ ማክበር የጀመረው በ1958 ነው። ዕሪና ያኔ ስም አልነበረውም። በ1974 ኤይደን ኬሊ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ባዶዎቹን ቦታዎች በስም ሞላ፤ ለጸደዩ ከግሪም ኦስታራን ወሰደለት፣ ግሪን ኤግ የተባለ የፔጋኖች መጽሔትም አሰራጨው። ይህን ታሪክ ከሁሉ በላይ ያጠራው የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሃተን ነው፤ የሚደንቀው ብዙ ፔጋኖች ሥራውን ራሳቸው ያነቡታል፣ ይጠቅሱታልም።

በቤት ውስጥ ሲከበር ነገሩ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይነጠፋል፣ እንቁላልና የጸደይ አበባ ይቀመጣል፣ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ሻማ ጎን ለጎን ይበራል። ተሳታፊዎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ አራቱን ማዕዘናት በየተራ ይጠራሉ። እያንዳንዱ አንድ ፍሬ ዘር በመዳፉ ይዞ ለዓመቱ የሚመኘውን ይናገርና በአፈር በተሞላ ማሰሮ ይቀብረዋል። ከዚያ ዳቦና መጠጥ ይካፈላሉ። ማሰሮው መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ውኃ የሚያጠጣው ሰው በየማለዳው ምኞቱን ያስታውሳል።

ይህን በዓል ‹አዲስ ስለሆነ ሐሰት ነው› የሚሉትን አልደግፍም። ሁሉም በዓል አንድ ቀን አዲስ ነበር። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው፦ ከድንጋይ ዘመን ሳይቋረጥ መጣልን የሚለውንና ክርስቲያኖች ከፔጋኖች ሰረቁት የሚለውን። ሁለቱም የተገነቡት በዚያው በግሪም ስሌትና በሆልትስማን ‹ምናልባት› ላይ ነው።

የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ፔጋኖች ደግሞ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከሰሜን የመጣው የእምነቱ መጽሐፍ ኦስታራን በማርች አክብሩ ይላል፤ በእነሱ አገር ግን ማርች ቅጠል የሚረግፍበት፣ ብርሃን የሚያንስበት ወቅት ነው። አብዛኞቹ ከመጽሐፉ ይልቅ ከእግራቸው ሥር ያለውን መሬት መረጡ። የሰሜኖቹ ክረምታቸውን ሲሰናበቱ እነሱ የመከር ዕሪና ያከብራሉ፤ ኦስታራን መንኮራኩሩን ገልብጠው ወደ ሴፕቴምበር አመጡት። ሜልቦርን ውስጥ እንቁላሉ የሚቀባውና ዘሩ የሚቀበረው መስከረም 12 ወይም 13 ነው፤ እዚያው ከተማ ያሉ አበሾች የእንቁጣጣሽን ቄጠማ ካነሱ ብዙም ሳይቆዩ፣ ለመስቀል ደመራ እንጨት ሲያሰባስቡ።